የጠፋ ሰው መዝገብ፦ ከአይስላንድ እስከ ወለጋ

በአንድ አገር ስድስት ወጣቶች «ግድያው ውስጥ አለንበት» ብለው ፈረሙ፤ ሞቱ የተባሉት ሰዎች አስከሬን ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። በሌላ አገር ደግሞ መንግሥት «በእጄ የለም» ያለው ሰው ከ13 ዓመት በኋላ ያው መንግሥት ከወረሰው ግቢ ተቆፍሮ ወጣ።

የመጀመሪያዋ አገር አይስላንድ ናት። ሁለተኛዋ የኛዋ ኢትዮጵያ፣ ሰውየውም የኛው የወለጋ ሰው ነው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ የፈለግሁት አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው፦ ሰው ሲጠፋ መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? ጥያቄው የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬም ከአርጆ ነቀምቴ፣ ከነቀምቴ ጊምቢ የተነሣን ሰው ቤተሰቡ «ደረስክ ወይ?» እያለ አሥር ጊዜ የሚደውልበት ዘመን ላይ ነን።

ረጅም ነው፤ ታግሣችሁ አንብቡት።

1. አይስላንድ፦ ኑዛዜ ሞልቶ አስከሬን የጠፋበት

አይስላንድ በሰሜን አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች ደሴት ናት። ዛሬ ሕዝቧ 400 ሺህ አይሞላም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ደግሞ ከ220 ሺህ በታች ነበር። ለኛ ጨርሳ ባዕድ አይደለችም። አይስላንዳውያን ሚሲዮናውያን እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ ኮንሶ ውስጥ ሠርተዋል። አንድ ልማድም ያመሳስለናል፤ አብዛኛው አይስላንዳዊ እንደኛ የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 1974 ጉድሙንዱር የሚባል የ18 ዓመት ወጣት ከዋና ከተማዋ ሬይክያቪክ አጠገብ ካለ የጭፈራ ቤት ወጥቶ በሌሊት፣ በበረዶ፣ በእግሩ ወደ ቤቱ አቀና። ቤቱ አልደረሰም። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ጌርፊኑር የሚባል የ32 ዓመት ሠራተኛ ስልክ ተደውሎለት መኪናውን አስነሥቶ በኬፍላቪክ ወደብ አጠገብ ወዳለ ካፌ ሄደ። መኪናው እዚያው ተገኘ፤ እሱ ግን አልተገኘም። ሁለቱ በአባት ስም ሞክሼ ከመሆናቸው በቀር አይዛመዱም።

ግድያ ብርቅ በሆነበት አገር ሁለት ሰው በአንድ ዓመት እንዲህ ሲሰወር አገሬው ተረበሸ። ጋዜጣው ይጮኻል፣ ፖለቲከኛው ይጠየቃል፣ ፖሊስ መልስ ማምጣት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1975 መጨረሻ ፖሊስ አንድ ወጣትና ጓደኛውን በማጭበርበር ወንጀል ያዛቸው። ምርመራው ከገንዘብ ተነሥቶ ወደጠፉት ሰዎች ዞረ። ከዚያ አንዱ ሌላውን እየጠራ ተጠርጣሪዎቹ ስድስት ሆኑ። ከጀርመንም ልምድ ያለው ጡረተኛ መርማሪ ተጠርቶ መጣ።

ማስረጃ የሚባል ነገር አልነበረም። አስከሬን የለም፣ መሣሪያ የለም፣ የአይን ምስክር የለም። የነበረው የብቻ እስር ነው። ከታሳሪዎቹ አንዱ 655 ቀን ለብቻው ተዘግቶበታል። እንቅልፍ መከልከል ነበር፤ መድኃኒት መስጠት ነበር፤ ከጠበቃ መለየት ነበር። በየጊዜው ወደ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ሜዳ እየወሰዱ «የት ቀበራችሁት? አሳዩን» ይሏቸዋል። እነሱም የሆነ ቦታ ይጠቁማሉ፤ ይቆፈራል፤ ምንም የለም። ቃላቸው በየምርመራው ይለዋወጣል። በመካከሉ ስማቸው የተጠራ ሌሎች አራት ሰዎች ታስረው እስከ 105 ቀን ከቆዩ በኋላ «የላችሁበትም» ተብለው ተለቀቁ።

ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1980 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስድስቱንም ጥፋተኛ ብሎ እስከ 17 ዓመት በሚደርስ እስራት ቀጣ። ፋይሉ ተዘጋ። ሕዝቡም እፎይ አለ።

ፋይሉን መልሶ ያስከፈተው ምንድን ነው? ከብዙ ነገሮች መካከል አንድ ደብተር ነው። ከተፈረደባቸው አንዱ በእስር ቤት ሳለ የዕለት ውሎውን ይጽፍ ነበር። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2009 ሞተ፤ ደብተሩ ግን በቤተሰቡ እጅ ቀረ። ደብተሩ ጊስሊ ጉድዮንሰን ዘንድ ደረሰ። ጊስሊ በወጣትነቱ በአይስላንድ ፖሊስ ውስጥ የሠራ፣ በኋላ በለንደን የሐሰት ኑዛዜን በማጥናት ስመ ጥር የሆነ የሥነ ልቦና ምሁር ነው። ይህ ምሁር በጥናቱ ያሳየው አንድ ነገር አለ። ሰው ለረጅም ጊዜ ለብቻው ተዘግቶበት «አድርገሃል፣ ረስተኸው ነው» እየተባለ ሲጠየቅ በገዛ ትዝታው ላይ እምነት ያጣል። መርማሪውን ደስ ለማሰኘት ብቻ አይደለም የሚዋሸው፤ ምናልባት አድርጌው ይሆናል ብሎ እስከ ማመን ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2011 የአገሪቱ መንግሥት ጉዳዩን የሚመረምር ቡድን አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ደግሞ ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ራሱ ከ38 ዓመት በፊት የሰጠውን ፍርድ ሽሮ አምስቱን ከግድያው ነፃ አላቸው። ሁለቱ ይህን ሳይሰሙ ሞተዋል። መንግሥትም ይቅርታ ጠየቀ። የስድስተኛዋ ሴት ጉዳይ ግን አብሮ አልታየም፤ እሷ የተፈረደባት በሐሰት በመወንጀል ነበርና ፍርዱ እንዳለ ቆየ። ጉድሙንዱርና ጌርፊኑርም እስካሁን አልተገኙም።

ልብ በሉ። አይስላንድ ወንጀሉን አልፈታችም። የፈታችው የራሷን ስሕተት ነው። ያንን ለማድረግም 44 ዓመትና አንድ ደብተር አስፈልጓታል።

2. ከቦጂ እስከ አዲስ አበባ፦ ቄስ ጉዲና ቱምሳ

አሁን ወደኛው እንመለስ።

ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1921 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ቦጂ ተወለዱ። ወጣትነታቸውን ያሳለፉት ነቀምቴ ሲሆን፣ ስዊድናውያን ሐኪሞች በሚሠሩበት ሆስፒታል ድሬሰር ነበሩ። በኋላ ቄስ ሆኑ፤ አሜሪካ ሄደው በሚኒሶታ ነገረ መለኮት ተማሩ፤ ተመልሰውም እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ለምዕራቡ ዓለም አብያተ ክርስቲያናት «ለልማት ገንዘብ ስትሰጡ ለወንጌል ትሰስታላችሁ፤ ሰውን ለሁለት አትክፈሉት» የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ እ.ኤ.አ. በ1972 ቤተ ክርስቲያኒቱ ስትልክ ከጀርባው እሳቸው ነበሩ።

ደርግ ሲመጣ መጀመሪያ ላይ ለውጡን በበጎ ካዩት ወገን ነበሩ። የመሬት ጥያቄ በወለጋ ምን ያህል የቆየ ቁስል እንደነበር ለሚያውቅ ይህ አያስገርምም። ውሎ ሲያድር ግን ነገሩ ተበላሸ። በ1969 ዓ.ም. በሉተራን ዓለም ፌደሬሽን ሥር የነበረው ሬዲዮ ብሥራተ ወንጌል ተወረሰ። በወለጋ አብያተ ክርስቲያናት ይዘጉ፣ ምእመናን ይታሰሩ ጀመር። ቄስ ጉዲና ሁለት ጊዜ ታስረው ተፈቱ። ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ መሆናቸውም ጥርጣሬውን አከፋው።

ወዳጆቻቸው ከአገር እንዲወጡ መንገድ አዘጋጅተውላቸው ነበር። እሳቸው መንጋዬን በመከራ ሰዓት ጥዬ አልሄድም ብለው ቀሩ።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ምሽት አዲስ አበባ ዑራኤል በሚገኘው የመካነ ኢየሱስ ጉባኤ አገልግለው ከባለቤታቸው ከወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ሲወጡ መሣሪያ የያዙ ሰዎች አስቆሟቸው። ሁለቱንም ወሰዷቸው። ወ/ሮ ፀሐይን ከከተማው ዳር አውርደው ጥለዋቸው ሄዱ፤ በጨለማ ብቻቸውን ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቄስ ጉዲና አልተመለሱም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ጠየቀች። ከውጭ አብያተ ክርስቲያናትና የመብት ድርጅቶች ጠየቁ። የመንግሥት መልስ አንድ ነበር፦ እኛ አላሰርነውም፣ በእጃችን የለም። ወ/ሮ ፀሐይ ራሳቸው በ1972 ዓ.ም. ታስረው ተገረፉ፤ ለአሥር ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታስረው ቆዩ። አስቡት፤ ባሏ የት እንዳለ ለምትጠይቅ ሴት የተሰጠው መልስ ይህ ነው።

3. የራስ አሥራተ ካሣ ግቢ

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። በ1984 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቁፋሮ ተጀመረ። ነሐሴ 1967 ዓ.ም. «በሕመም ዐረፉ» የተባሉት የአፄ ኃይለ ሥላሴ አፅም በቤተ መንግሥቱ ግቢ ከመሬት ሥር ተገኘ። የቄስ ጉዲና አፅም ደግሞ በቀድሞው የልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ውስጥ ተገኘ። በዚያው ግቢ በዚያው ዘመን የተገደሉት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የአቡነ ቴዎፍሎስ አፅምም ወጣ። በሕይወት ሳሉ የሁለት አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች የነበሩ ሰዎች በአንድ አጥር ውስጥ ተቀብረው ነበር።

የግቢው ታሪክ ራሱ ይገርማል። ባለቤቱ ራስ አሥራተ ካሣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ያለ ፍርድ ከተረሸኑት 60 ያህል ሰዎች አንዱ ነበሩ። ቤቱ ተወረሰ፤ የተወረሰው ቤት የሌሎች መገደያ ሆነ። ጎረቤት በአጥሩ ሥር ሲያልፍ ኖሯል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን በይፋ የሚናገር አልነበረም።

ከዚያ የፍርድ ሂደት መጣ። በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ከአርጀንቲና በአምባገነኖች ዘመን የተሰወሩ ሰዎችን አፅም በመለየት የታወቀ የፎረንሲክ ቡድን መጥቶ የጅምላ መቃብሮችን በመቆፈር አገዘ። በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ገጽ ሰነድ ተሰበሰበ። ደርግ መግደል ብቻ ሳይሆን መጻፍም ይወድ ነበርና የግድያ ትእዛዞች ሳይቀሩ ከነፊርማቸው ተገኙ። ችሎቱ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. ተከፈተ። ፍርዱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ተሰጠ፤ 12 ዓመት መሆኑ ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባሉ። በጥር ወር እድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በይግባኝ ወደ ሞት ከፍ አደረገው። እሳቸው ግን ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የሚኖሩት ዚምባብዌ ነው። እዚህ የታሰሩት ባለሥልጣናት የሞት ቅጣት በ2003 ዓ.ም. ወደ እድሜ ልክ ተለወጠ፤ ብዙዎቹም በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ በአመክሮ ተፈቱ።

አንዳንዱ ይህን «ምንም አልተሠራም» ይለዋል። አልስማማም። አንድ የአፍሪካ አገር የገዛ መንግሥቷን አለቆች በራሷ ፍርድ ቤት፣ በራሷ ዳኞች መክሰሷ ቀላል ነገር አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው።

4. ሁለቱን ታሪኮች የሚያገናኛቸው

በአይስላንድ መንግሥት መልስ ለመስጠት ቸኮለ። በኛ አገር መንግሥት መልስን ቀበረ። ነገሩ ተቃራኒ ይመስላል፤ ሥሩ ግን አንድ ነው። በሁለቱም ቦታ «ምን ሆነ?» የሚለውን ጥያቄ በብቸኝነት የያዘው ባለሥልጣን ነበር፤ የተናገረውን የሚፈትሽ ሌላ ወገን አልነበረም።

በሁለቱም ቦታ ደግሞ እውነቱን ያቆየው ተራ ሰው ነው። እዚያ አንድ እስረኛ የጻፈው ደብተር። እዚህ አንዲት ሚስት። ወ/ሮ ፀሐይ ቀኑን ያውቁ ነበር፤ ሰዓቱን ያውቁ ነበር፤ ከየት እንደተወሰዱ፣ የት እንደተጣሉ ያውቁ ነበር። መንግሥት «አላሰርነውም» ሲል ውሸቱን የሚያፈርሰው ያ ምስክርነት ነበር። ከእስር ሲወጡ ለኖርዌጅያዊት ጸሐፊ ተርከው ታሪኩ መጽሐፍ ሆነ። አዲሱ መንግሥት መጥቶ ባይቆፍር ኖሮ እንኳ ስለዚያ ምሽት የሚቀረን ሰነድ የእሳቸው ቃል ነበር።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንላለን። ይጠራል፤ ግን በራሱ አይደለም። ንጋት ማንም ሳይጠራው ይመጣል፤ እውነት ግን የሚጠብቀው ሰው ከሌለ እያደር ይረሳል።

5. ዛሬስ?

በኅዳር 2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቻቸው ሲመለሱ የነበሩ ተማሪዎች በመንገድ ላይ ታገቱ። አብዛኞቹ የአማራ ክልል ልጆች፣ አብዛኞቹም ሴቶች ነበሩ። በጥር ወር የመንግሥት ባለሥልጣን በቴሌቪዥን ቀርበው 21 ተማሪዎች ተለቀዋል አሉ። ወላጆች ደግሞ «ልጆቻችንን አላየንም፣ ድምፃቸውንም አልሰማንም» አሉ። በየከተማው «ልጆቻችንን መልሱ» የሚል ሰልፍ ወጣ። ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ወሬው ተዳፈነ። ወላጅ ግን አይዳፈንም።

እዚህ ላይ አይስላንድን አስታውሱ። ቁጥር ተነገረ፤ የተለቀቀ ሰው ግን በካሜራ ፊት አልቀረበም። ማስረጃ የሌለው መልስ መልስ አይደለም፤ ጠያቂን ዝም ማሰኛ ነው።

ከዚያ ወዲህም በወለጋ የታገተ፣ የተወሰደ፣ የደረሰበት ያልታወቀ ሰው ብዙ ነው። ኦሮሞ አለበት፣ አማራ አለበት፤ ገበሬ አለበት፣ ሹፌር አለበት። አንዱ «ሸኔ ወሰደው» ይባላል፤ ሌላው «የመንግሥት ኃይል ወሰደው» ይባላል፤ ሌላው ገንዘብ ፈላጊ ሽፍታ ነው ይባላል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በቅርብ ዓመታት አስገድዶ መሰወርን በስሙ ጠርቶ ደጋግሞ አንሥቷል። የሞተ ይለቀስለታል፤ ተዝካር ይወጣለታል። የጠፋ ሰው ቤት ግን ድንኳን አይጣል፣ እዝን አይገባ። ሚስቱ መበለት ናት ወይስ ባለትዳር? ርስቱስ ለማን ይተላለፍ? የልጆቹ አሳዳጊ ማን ነው? እነዚህ የስሜት ብቻ ሳይሆኑ የቀበሌና የፍርድ ቤት ጥያቄዎች ናቸው።

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 28 ሰውን አስገድዶ መሰወርን ከዘር ማጥፋትና ከማሰቃየት ጋር አንድ ላይ አስቀምጦ በይርጋ አይታገድም፣ በምሕረትም አይታለፍም ይላል። አንቀጽ 19 ደግሞ ማንም ሰው የእምነት ቃል እንዲሰጥ አይገደድም፣ በማስገደድ የተገኘ ቃልም ተቀባይነት የለውም ይላል፤ የአይስላንድ መርማሪዎች የጣሱት መርሕ ይኸው ነው። ጉድለቱ ከዚህ በታች ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አስገድዶ መሰወር ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ አልተደነገገም፤ ዐቃቤ ሕግ «ጠለፋ» ወይም «ከሕግ ውጭ መያዝ» እያለ ዙሪያውን መሄድ ግድ ይሆንበታል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ አጽድቋል። ፖሊሲው እውነት ማፈላለግን ይጠቅሳል። እውነት የሚፈለገው ግን መዝገብ ካለ ነው።

6. ታዲያ ምን እናድርግ?

ትልልቁን ነገር ለባለ ሥልጣኑ ትተን፣ በእጃችን ስላለው ልናገር።

ሰው የጠፋበት ቤተሰብ ሁሉ ዛሬውኑ ደብተር ይያዝ። ቀኑን ይጻፍ፤ ሰዓቱን ይጻፍ። ምን ለብሶ ነበር? በማን መኪና፣ በየት መንገድ ሄደ? ማን አብሮት ነበር? መጨረሻ የደወለው በስንት ሰዓት ነው? ገንዘብ ከተጠየቀ በየትኛው ስልክ፣ ስንት? ለየትኛው ቢሮ አመለከታችሁ፣ ምን ተባላችሁ? በቃል የተነገራችሁንም ከነቀኑ ጻፉት። ፎቶ ቢኖር ለሁለትና ለሦስት ሰው አስቀምጡ፤ ስልክ ይሰበራል፣ ቤት ይቃጠላል።

ሁለተኛ፣ ያላያችሁትን አትጻፉ። «ይባላል» የሚለውን «ይባላል» ብላችሁ ለዩት። በስማ በለው የሰው ስም አትጥሩ። አይስላንድ ውስጥ አራት ንጹሐን ወራት የታሰሩት ስማቸው ስለተጠራ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ስም መጥራት ከእስር የባሰ ነገር ያመጣል።

ሦስተኛ፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ አባ ገዳዎች፣ እድሮች የጠፉትን ስም በመዝገብ ያዙ። እድር የሞተውን ይመዘግባል፤ የጠፋውንም ይመዝግብ። የማንኛውም ወገን ቢሆን፣ የገዳዩም ማንነት ምንም ቢባል፣ ስሙ ይያዝ። የአንዱን ወገን ብቻ የሚይዝ መዝገብ ነገ የክስ ሰነድ ሳይሆን የጠብ መነሻ ነው የሚሆነው።

አራተኛ ለመንግሥት ነው። የቀይ ሽብር መዝገቦች ተራ ሰው በሚያነበው ቋንቋ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ታትመው በየከተማው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ። የነቀምቴ ተማሪ ቄስ ጉዲና እንዴት ተወስደው እንዴት እንደተገኙ ከቤተ ክርስቲያን ስብከት ብቻ ሳይሆን ከሕዝብ መዝገብም ያንብብ።

አይስላንድ ሀብታም ናት፤ እኛ ድሃ ነን፣ አንወዳደርም የሚል ይኖራል። የነሱ ፋይል የተከፈተው ግን በሀብት አልነበረም። አንድ ሰው በእስር ቤት ክፍሉ ጻፈ፤ ቤተሰቡም አልጣለውም። ደብተርና እስክሪብቶ ለኛም አይቸግረንም።

ቸር ያሰማን።